ድንጋዩ ሐውልት፣ ቤቱስ?

«ሐውልት ውስጥ ገባሁ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሐውልት ሥር ይቆማል፣ ሐውልት ጋ ይቀጣጠራል፣ ሐውልት ዙሪያ የአበባ ጉንጉን ያኖራል፤ ውስጡ ግን አይገባም፣ ውስጥ የለውማ። ታዲያ ለጦርነት ማስታወሻ ተብሎ ጣሪያና በር ያለው ቤት ሲሠራ አማርኛ ስሙን ከየት ያመጣለታል? አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው መልሱ አንድ አይሆንለትም። በአንድ በኩል ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ መሐል ላይ በፈረስ የተቀመጡት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ወዲያ ደግሞ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይታያሉ። ሦስቱም ከአንድ ጦርነት ጋር ተያይዘው የሚነሡ ናቸው፤ ቋንቋው ግን አንዱን ካቴድራል፣ አንዱን ሐውልት፣ አንዱን መታሰቢያ ይላቸዋል።

ከሦስቱ ቃላት ባለ ረጅም ዕድሜው ሐውልት ነው። በዛሬዋ ኤርትራ፣ ሰንዓፈ አጠገብ፣ መጠራ በሚባል ስፍራ አናቱ ላይ ጨረቃና ክብ ፀሐይ የተቀረጸበት አንድ ድንጋይ ቆሟል። የተጻፈው የግዕዝ ፊደል ገና ካዕብ ሣልስ እያለ ባልተለያየበት ዘመን ነው፤ ቢሆንም ሐ፣ ወ፣ ለ፣ ተ የሚሉት አራት ፊደላት ይነበባሉ። ጽሑፉ አገዝ የተባለ ሰው ድንጋዩን ለአባቶቹ እንዳቆመ ይናገራል። ቀጥሎ ያለውን ሐረግ ሊቃውንት በሁለት ይፈቱታል፤ አንዱ ወገን ጎልማሶች ተማርከው ስለመወሰዳቸው ነው ይላል፣ ሌላው ወገን ስለ ውኃ ቦይ ነው ይላል። እኔን ከጠየቃችሁ ቦዩ ይበልጥ ይጥመኛል፤ ለአባቶች ድንጋይ አቁሞ ያወጡትን ውኃ ማንሣት የገበሬ አገር ወግ ነው። የመጀመሪያው ፍቺ ልክ ከሆነ ግን ሐውልት የሚለውን ቃል የያዘ እጅግ የቆየ ጽሑፋችን የዘመቻ ማስታወሻ ሆነ ማለት ነው። ድንጋዩ ራሱም ከጦርነት አላመለጠም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ወድቆ ተሰብሮ፣ በኋላ ተጠግኖ ነው የቆመው።

አክሱም ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ትግርኛው ሐወልቲ የሚላቸው ትልልቆቹ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው ከአንድ አለት የተጠረቡ ሆነው ሳለ ቤት መስለው ነው የተሠሩት። ከታች በር አላቸው፤ ከበሩ በላይ ፎቅ በፎቅ መስኮት ተደርድሯል፤ በየፎቁ መካከል ክብ ክብ ራሶች ወጣ ወጣ ብለዋል። እነዚህ ራሶች በእንጨትና በድንጋይ በሚገነባ የአክሱም ቤት ላይ ከግድግዳው ብቅ የሚለው የአግዳሚ እንጨት ጫፍ፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ናቸው፤ ጠራቢው እንጨቱን በአለት ደገመው። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 13 ፎቅ አለው፤ ግን አንድም በሩ አይከፈትም። ማረፊያው ከመሬት በታች ያለው መቃብር ነው። ሐውልት ውስጥ የሌለው ቤት መሆኑን ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ጠራቢውም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከነዚያ አንዱ፣ 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ በ1930 መጀመሪያ ሮም ላይ የፋሺስት መንግሥት የድል ምልክት ሆኖ ቆመ። በ1997 እስኪመለስ ድረስ ለሮም ሰው የጦር ምርኮ፣ ለእኛ የተወሰደብን ሐውልት ነበር። ጣሊያኖች ለእንዲህ ያለው ድንጋይ ኦቤሊስኮ ይላሉ፤ ሥሩ የግሪክ ሲሆን ፍቺው ትንሽ የሥጋ መጥበሻ ሹል ማለት ነው፤ ግሪኮች የግብፅን ድንጋዮች ሲያዩ የመጣላቸው ስም ነው። በዚያችው ሮም፣ በትልቁ የባቡር ጣቢያ በር ላይ ደግሞ ሌላ ኦቤሊስክ ለሌላ ጦርነት ቆሞ ነበር። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወደ 500 ይጠጋ ነበርና ድንጋዩ ለእነርሱ ተሰጠ፤ አደባባዩም እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው በዚሁ የዶጋሊ ኦቤሊስክ ሥር ነበር። በጥንት የግብፅ ድንጋይ የአፍሪካ ጦር የጣላቸውን ማልቀስ፣ ከሥሩም የኢትዮጵያን አንበሳ ማስቀመጥ፣ ስለ ድንጋይ ትዝታ ሲወራ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነው።

አማርኛ ሐውልትን ሲወርስ አሰፋው። በግዕዝ ምስል የተባለውን የሰው ቅርጽም ሐውልት አለው። ስለዚህ የምኒልክ ፈረስ ሐውልት ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው ሹል ድንጋይም ሐውልት ነው። ፈረሱ በጥቅምት 1923 በንግሥ ዋዜማ ተመረቀ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ ተቀበረ፣ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ተመለሰ። መቀበርና መውጣት የደረሰበት ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ሰው ሰው የሚል ታሪክ አለው። ያም ሆኖ የቃሉ ድንበር አልተነቃነቀም፤ ጣሪያ ያለው ነገር ሐውልት ተብሎ አያውቅም።

ጣሪያ ያለውን ሥራ ቤተ ክርስቲያን ነው የያዘችው። የጊዮርጊስ ካቴድራል ሙሉ ስሙ መናገሻ ገነተ ጽጌ ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 የተደረገው በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ታቦቱም አብሮ እንደዘመተ ይተረካል፤ ሕንፃው ለዚያ ውለታ የቆመ ነው። በስሙ ውስጥ ግን ጦርነት የለም። ነገሠ ከሚለው ግሥ መናገሻ ወጣ፤ የሚነገሥበት ቦታ ማለት ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 እዚያ ነግሠዋልና ስሙ ለሥራው ልኩ ሆነ። የሁለተኛው ንግሥ ቀንም ጥቅምት 23፣ እንደገና ጊዮርጊስ ነው። በእኛ ዘንድ ጦርነት የሚታሰበው በወሩ ቀን ቁጥር እንደሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም፤ የከተማው ሐውልቶችም የካቲት 12፣ ሚያዝያ 27 እየተባሉ በቀን ነው የሚጠሩት።

ከሕንፃው ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። የዓድዋን ድል በሚዘክር ቤት ላይ የጣሊያን እጅ መኖሩ ለታሪክ ወዳዱ ቅመም ነው፤ ለቃል ወዳዱ ግን ቅመሙ መሐንዲስ የሚለው ቃል ላይ ነው። ሕንፃ ከግዕዙ ሐነጸ መጣ፤ ዛሬም በግብረ ገብ ማነጽ ስንል እንጠቀምበታለን። መሐንዲስም ሐ እና ነ ስላሉት የዚሁ ዘር ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ሐናጺ ከሚለው ጋር ያዛምደዋል። ዝምድና የላቸውም። መሐንዲስ የዐረቡ ሙሃንዲስ ነው፤ ዐረቡም ያገኘው ልክ፣ መጠን የሚል ፍቺ ካለው የፋርስ ቃል ነው። ሐናጺው የሚያቆም፣ መሐንዲሱ የሚለካ ነው፤ ሁለቱ ጣሪያ ሥር የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ካስታኛ የተጨነቀበትን ልኬት ለማየት ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ስምንት ማዕዘኑ አውሮፓዊ መልክ ቢሰጠውም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እየተባለ ወደ ውስጥ የሚጠበበው የክብ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልፈረሰም። ቤቱ በ1929 በፋሺስቶች ተቃጥሎ እንደገና ሲታደስ መስኮቶቹን በባለ ቀለም መስታወት ያስዋቡት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ዘለቅ ብሎ ያለው ሌላው ቤት ስሙ ይበልጥ ያስደንቃል። መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግንባታው ከወረራው በፊት ተጀምሮ፣ በጦርነቱ ተቋርጦ፣ ከድሉ በኋላ የተጠናቀቀና ለነፃነት መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ግቢው የአርበኞች ማረፊያ ነው፤ በ1953 ያረፉት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስትም ከእነርሱ ጋር ተቀብረዋል። መንበር ነበረ፣ ማለትም ተቀመጠ ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው፤ መቀመጫ። ካቴድራልም የግሪኩ ካቴድራ ነው፤ እሱም መቀመጫ፣ የጳጳሱ ወንበር። አንዱ ስም ሁለት ጊዜ በሁለት ቋንቋ ተቀመጠ ይላል። ጸባዖት ግን አልተቀመጠም። ዕብራይስጥ ነው፤ ሠራዊት ማለት ነው፤ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚያገለግሉበትን ጦር ዛሬም በዚሁ ሥር ጻባ ይሉታል። በቅዳሴ የምንሰማው የጸባዖት ጌታ የሠራዊት ጌታ ነው። ስለዚህ ለጦርነት ማስታወሻ የተሠራው ቤት፣ ታስቦበት ይሁን አይሁን፣ ጦር የሚል ቃል በስሙ ተሸክሟል።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ግዕዝም የዚሁ ዘር ግሥ አለው፦ ጸብአ፣ ተዋጋ። ጸብእ ማለት ጦርነት ነበር፤ ጸባኢ ማለት ተዋጊ። ያ ትልቅ ቃል አማርኛ ውስጥ እየተንደረደረ ወርዶ ጠብ ሆነ። ነገሥታት በጽሑፋቸው ጸብእ ያሉት ዛሬ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶች ጠብ ነው፤ ሽማግሌ የሚያበርደው፣ ቡና የሚያስረሳው። ባዶ የቀረውን ቦታ የያዘው ጦርነት ነው። ጦር መጀመሪያ የሚወረወረው ብረት ነው፤ ከዚያ ብረቱን የያዘው ሰው፣ ቀጥሎም ሰዎቹ ተሰብስበው ጦር ሆኑ፤ መጨረሻ ነት ሲታከልበት ድርጊቱ ወጣ። መሣሪያው በድርጊቱ ስም ውስጥ እስካሁን አለ፤ ማንም ጦር ሳይወረውር።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያን የማስታወሱን ሥራ ብቻዋን የያዘችው ማስታወስ በእኛ ዘንድ መብልም ስለሆነ ይመስለኛል። ዘከረ ማለት አሰበ፣ ስም ጠራ ነው። ከእሱ ዝክር መጣ፣ በቅዱሱ ስም የሚዘጋጀው ጠበል ጠዲቅ፤ ተዝካርም መጣ፣ ለሞተ ሰው በአርባው የሚወጣው። ዐረቦች ተዝካር የሚመስል ተድካር የሚሉት ቃል አላቸው፤ ቅርጹም ሥሩም አንድ ነው፤ እነርሱ ዘንድ ግን ለማስታወሻ የሚሰጥ ዕቃ ነው፣ እኛ ዘንድ እንጀራና ጠላ። ለዚህ ማስታወስ የሚሆን ቤትም አለ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ መግቢያ ላይ የምትገኘው፣ ዝክር የሚበላባት ደጀ ሰላም። ደጅ የሚለው ቃል ከጦርነት የራቀ አይደለም፤ ደጃዝማች ውስጥ ያለው ደጅ ነው። የጦር አዛዥና የተዝካር አዳራሽ አንድ ደጅ ላይ ቆመዋል። በእኔ ግምት በአማርኛ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ተብሎ ከመሬት የተነሣ ቤት ካለ ደጀ ሰላም ናት፤ ግን ማንም አርክቴክት ለጦርነት ሕንፃ ይህን ስም አልተዋሰም።

ከዘከረ የወጣ አንድ ዘመናዊ ቃል ግን ነበር። ሙዚየም ሲመጣ ሊቃውንቱ ቤተ መዘክር አሉት፤ የማስታወሻ ቤት። የግሪኩን ሙዚየም ከመሸከም የተሻለ ነበር፤ ቤት የሚለው ቃልም ውስጡ አለ። ዕድል አልገጠመውም። ቃሉ በሕዝቡ አፍ የቀረው በአንድ አስቂኝ መንገድ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የሚለው ረጅም ስም ሲያጥር፣ ተማሪው ቤተ መጻሕፍቱን ጥሎ «እና» የሚል ትርጉም ያላትን ወ ከነተከታይዋ ይዞ ቀረ፤ ወመዘክር እንገናኝ ይባላል። በ«እና» የሚጀምር የሕንፃ ስም ሌላ ቦታ አላውቅም።

ያሸነፈው መታሰቢያ ነው። ግዕዙ ሐሰበ ነው፤ ቆጠረ፣ ገመተ፣ አሰበ። ዐረቦች ከዚህ ዘር ሒሳብን አወጡ፣ አማርኛም ሒሳብን ከእነርሱ መልሶ ተዋሰ። ስለዚህ መታሰቢያና ሒሳብ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ዕብራይስጡም አሰበ እና ሒሳብን ከአንድ ሥር ያወጣል። ይህ ዝምድና ጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳየው ስድስት ኪሎ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስቱ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ሲጨፈጨፍ የዋለው ሕዝብ ስንት ነው? የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አለ፤ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ብዙ ዓመት ቆጥሮ ወደ 19,000 አወረደው። ክርክሩ አልበረደም። አሰበ የሚለው ግሥ ድሮ ቆጠረ ማለት የነበረ በመሆኑ፣ ሐውልቱ ሥር የሚደረገው ክርክር ከቃሉ የወጣ አይደለም።

መታሰቢያ ያሸነፈበት ሌላው ምክንያት ቅርጹ ነው። መ ከፊት፣ ያ ከኋላ የሚደረግለት ስም በአማርኛ መሣሪያም ቦታም ይሆናል። መቁረጫ የሚቆረጥበት ነው፤ መኖሪያ የሚኖርበት። መታሰቢያ የትኛው ነው? ሁለቱም። ድንጋይም መታሰቢያ ይባላል፣ ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ የመጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽም። ግልጽ ያልሆነ ቃል ነው፤ ለቢሮ ሰው የሚመቸውም ለዚሁ ነው። የዓድዋው ሥራ ሲጀመር ዓድዋ ዜሮ ኪሎ ሜትር ሙዚየም ይባል ነበር፤ ሲመረቅ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆነ። ውስጡ አዳራሽ፣ የታሪክ ማሳያ፣ የጀግኖች ሐውልቶች አሉ። ልብ በሉ፤ ሐውልቶቹ አሁን ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ቤቱ ግን ሐውልት አልተባለም። ሐውልት በመታሰቢያ ውስጥ ይኖራል፣ መታሰቢያ በሐውልት ውስጥ አይኖርም።

ድል የሚለውን ቃል ሳላልፍ አንድ ነገር ልበል። ብቻውን ማን እንዳሸነፈ አይናገርም። ድል ነሣ ሲሉ አሸናፊው ይታወቃል፤ ድል ተነሣ፣ ድል ሆነ ሲሉ ተሸናፊው። ረዳቱ ግሥ ነው ፍርዱን የሚሰጠው። የግዕዙ ሞአ እንዲህ አይወላውልም፤ ሞአ አንበሳ በሚለው የነገሥታት ማኅተም ላይ አሸናፊው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ድል ያለ ሰርግ፣ ድል ያለ ድግስ የምንለውም አለ፤ ያኛው ድል ከዚህኛው ጋር አንድ ዘር ይሁን አይሁን፣ የአማርኛ ጆሮ አንድ አድርጎ ነው የሚሰማቸው።

ስድስት ኪሎ ላይ ያለው ሐውልት የዩጎዝላቪያ ስጦታ ነው፤ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ቀራጮች የሠሩት፣ ወገቡ ላይ ግድያውን በነሐስ የሚያሳይ። ስሙ የሰማዕታት ሐውልት ነው። ሰምዐ ማለት ሰማ ነው፤ የሰማ ሰው ምስክር ይሆናል፤ ስምዕ ምስክርነት ነው። ስለ እምነቱ መስክሮ የሞተ ሰማዕት ተባለ፤ ግሪኮችም ምስክር በሚለው ቃላቸው እንዲሁ አድርገዋል። ግዕዙ ሰማዕት ሲል ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ነጠላው ሰማዒ ነው። አማርኛ ብዙውን ነጠላ አድርጎ ወሰደና ኣት ጨመረበት፤ ብዙ ላይ ብዙ። መቃብርም እንዲሁ ነው፤ በግዕዙ የብዙ ቁጥር መልክ ያለው ቃል ለአንድ ጉድጓድ ዋለ። ዛሬ ሰማዕት የሚለውን ቃል የማይጠቀም ወገን የለም፤ መቀሌም፣ ባሕር ዳርም፣ አዳማም የየራሳቸው የሰማዕታት መታሰቢያ አላቸው። በተቃራኒ ጎራ የወደቁ ሰዎች በአንድ የቤተ ክርስቲያን ቃል መጠራታቸው ለቃሉ ድል ነው፤ የመሰከሩለት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ደርግ ከዚህ ቤተሰብ መውጣት ፈልጎ ነበር። በ1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ያቆመውን ሐውልት ትግላችን አለው። ሰማዕት የለም፣ ዝክር የለም። ትግል ደግሞ ታገለ ነው፤ የእረኞች ጨዋታ፣ ወገብ ይዞ መሬት ማስነካት። የ1960ዎቹ ተማሪዎች ከሜዳ አንሥተው የፖለቲካ ቃል አደረጉት። ኦጋዴን ላይ ከኢትዮጵያውያን ጎን የወደቁ ኩባውያን ሥዕል በዚሁ ግቢ መኖሩን ለሚያይ፣ እረኛው ቃል ምን ያህል እንደተጓዘ ይገባዋል።

ኪሎ የግሪክ ሺህ ነው። ስለዚህ አራት ኪሎ ሲተረጎም አራት ሺህ፣ ስድስት ኪሎ ስድስት ሺህ ነው። ዜሮም ዐረቦች ባዶ ካሉት ሲፍር ተነሥቶ በጣሊያን አፍ ዞሮ የመጣ ነው። በሁለቱ ሺሆች ላይ የድልና የሰማዕታት ሐውልቶች ቆመዋል፤ በባዶው ላይ የዓድዋ መታሰቢያ። ታክሲ ረዳት ሲጣራ ግን ሦስቱንም ሐውልት፣ መታሰቢያ ብሎ አያውቅም። አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ይላል፤ ለዓድዋው ቤት ደግሞ ፒያሳ። የሮም ሰዎች ዶጋሊ ላይ በወደቁት ስም የሚጠሩትን አደባባይ የሚሉትም በዚሁ ፒያሳ በሚለው ቃል ነው፤ ላቲኑ ፕላቴያ፣ ግሪኩ ሰፊ መንገድ። አራዳ የሚለው ስም እዚያው አለ፤ ቀድሞም ነበር፤ ግን ረዳቱ አይጠራውም።